ወንድሜ «አውሬ» ላፕቶፕ ሊያመጣልኝ ነው፤ እኔ ግን ተራውን ነው የምፈልገው

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዳችሁን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ጥያቄዬ የፍቅር ወይም የትዳር ስላልሆነ አትሳቁብኝ።

26 ዓመቴ ነው። አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ መረጃ አጠናቃሪ ሆኜ እሠራለሁ። ማታ ማታ ፕሮግራሚንግ እማራለሁ፣ በተለይ ፓይተን። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የአንድ ዘመዳችንን ሱቅ ሒሳብ ፒችትሪ በሚባለው ፕሮግራም እይዛለሁ። ቢሮ የምሠራበት አሮጌ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ነበረው። እየተንቀራፈፈ ሲያስመርረኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በምትኩ ኡቡንቱ ጫነልኝ፤ ሊኑክስ ከሚባለው ነፃ ሲስተም ዓይነቶች አንዱ ነው። ይኸው ዓመት አለፈው። ወድጄዋለሁ፤ ለትምህርቴም ተመችቶኛል። አሁን የራሴ ላፕቶፕ እፈልጋለሁ፤ ሊኑክስ ያለ ጣጣ የሚሠራበት።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ካረፈ ጀምሮ ያሳደገን እሱ ነው። ለጥምቀት ይመጣል፤ ላፕቶፕ ይዤልሽ እመጣለሁ ብሏል። ባለፈው ሱቅ ውስጥ ሆኖ ፎቶ ላከልኝ። ኪቦርዱ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ፣ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያለው ትልቅ የጌም ላፕቶፕ ነው። «ይሄ አውሬ ነው፣ የማይችለው ነገር የለም» አለኝ። እሱን ካልወደድሽው ማክቡክ ኤም4 እገዛልሻለሁ አለ። ባልደረባዬ ደግሞ ሁለቱንም ተዪ፣ ያገለገለ ቲንክፓድ ይሻልሻል ይላል። ጋሼን «ያገለገለ ግዛልኝ» ብለው ቅር እንዳይለው ፈራሁ። እናቴን ባማክራት «የሰጠሽን ተቀብለሽ አመስግኚ፤ ምርጫ ማብዛት ነውር ነው» አለችኝ።

የቱን ልምረጥ? ለእሱስ እንዴት ብዬ ልንገረው?

ግራ የገባት፣ ከገርጂ

መልስ፦

ውድ የገርጂዋ እህቴ፣

ማንም አልሳቀብሽም። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው እንዲያውም ግማሹ ስለ ላፕቶፕ፣ ግማሹ ስለ ጋሼ እንደሆነ ገባኝ። ያሳደገሽ ሰው ደስ ብሎት የመረጠልሽን ነገር «አይሆነኝም» ማለት ይከብዳል። ከበደሽ ማለት ውለታ ቢስ ነሽ ማለት አይደለም። ውለታ ቢስ ሰው በዚህ አይጨነቅም፤ ተቀብሎ በሳምንቱ ይሸጠዋል።

እስቲ ከቀላሉ፣ ከዕቃው እንጀምር።

ጋሼ «አውሬ ነው» ሲል እውነቱን ነው። የጌም ላፕቶፕ ጉልበት አለው። ጥያቄው አውሬው አንቺ ቤት መጥቶ ምን ይሠራል የሚለው ነው። ያንቺ ሥራ ፓይተን፣ የቢሮ ሰነድና የሱቅ ሒሳብ ነው። ለዚህ ሁሉ ያ ትልቅ የኤንቪዲያ ካርድ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ዝም ብሎ ቢቀመጥማ ምን ችግር ነበረው። ሊኑክስ ላይ ግን አንዳንዴ ሥራ ሳይኖረውም ባትሪ ይበላል፣ ማሽኑን ያሞቃል። ክዳኑን ዘግተሽ መልሰሽ ስትከፍቺው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የሚቀርበት ጊዜም አለ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። የኢንቴልና የኤኤምዲ ግራፊክስ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ከሊኑክስ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። ኡቡንቱን ስትጭኚ አብሮ ይጫናል፣ ስታድሺው አብሮ ይታደሳል። ስለ እሱ ማሰብ የለብሽም። የኤንቪዲያን ድራይቨር ግን ኩባንያው ለብዙ ዓመታት ዘግቶ ይዞት ነበር፤ ለብቻው ነው የሚጫነው። ሊኑክስን የፈጠረው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንድ ውስጥ መድረክ ላይ ስለ ኤንቪዲያ ተጠይቆ ካሜራ ፊት መሃል ጣቱን ያወጣው በኩባንያው ተማሮ ነው። ቪዲዮውን እናትሽ ባሉበት እንዳትከፍቺው። በእርግጥ ከ2022 ጀምሮ ኩባንያው የድራይቨሩን የተወሰነ ክፍል ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። ዛሬ ከድሮው በጣም ይሻላል፣ ይሠራልም። ግን «ያለ ጣጣ» ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። ለማትጠቀሚበት ካርድ ጣጣውን ምን አመጣው?

ሌላው መብራት ነው። ሰፈርሽ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጠፋ ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። የጌም ላፕቶፕ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ቻርጀሩ ከባድ ነው፤ ሥራ ላይ እያለም ፓወር ባንክ አያጠግበውም። የአሁን ዘመን የቢሮ ላፕቶፖች ግን በዩኤስቢ ሲ ነው የሚሞሉት። ጠንከር ያለ ፓወር ባንክ ካለሽ የማታ ትምህርትሽን በጨለማ ትጨርሺበታለሽ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወደፊት ወደ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ፣ ሞዴል ወደ ማሠልጠን የመግባት ሐሳብ አለሽ? ካለሽ የኤንቪዲያ ካርድ ትርጉም ይኖረዋል፤ መልሴም ትንሽ ይለወጣል። ለጀማሪ ግን ጉግል ኮላብ በብሮውዘር በኩል በነፃ የሚያውሰው ይበቃል። ለዚያ ብለሽ ዛሬ አውሬ አትቀልቢ።

ማክቡኩስ? በጣም ጥሩ ዕቃ ነው። ባትሪው ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ ፓይተንም በደንብ ይሠራበታል። ሊኑክስ እጭንበታለሁ ካልሽ ግን ኤም4 አይሆንሽም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የኢንቴል ፕሮሰሰርን ትቶ ወደ ራሱ ቺፕ ሲዞር ሊኑክስን እዚያ ላይ ለማስኬድ ከባዶ የጀመሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ፕሮጀክቱ አሳሂ ሊኑክስ ይባላል። የሚደነቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ኤም1 እና ኤም2 ላይ ደህና ይሄዳል። ኤም4 ላይ ግን ለዕለት ሥራ የሚሆን ደረጃ ላይ አልደረሰም። ስለዚህ ማክቡኩን ተቀበልሽ ማለት የአፕልን ሲስተም ተቀበልሽ ማለት ነው። እሱም ኃጢአት አይደለም፤ ግን አንቺ የጠየቅሽው እሱን አይደለም። ደግሞ የዘመድሽ ሒሳብ አለ። ፒችትሪ የሚያውቀው ዊንዶውስን ብቻ ነው።

የፒችትሪ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ በደብዳቤሽ ውስጥ ትንሽ ያሳሰበኝ እሱ ነው። በአንድ መስመር አልፈሽዋል። ቢሮሽ ያለውን ኡቡንቱ ዓመት ሙሉ ስትጠቀሚ ፒችትሪውን የምትሠሪው የት ነበር? የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ፣ እዚያው መቀጠል ትችያለሽ? ከቻልሽ ነገሩ አለቀ። ወደ ራስሽ ላፕቶፕ ማምጣት ካለብሽ ግን ከላፕቶፑ ጋር የሚመጣውን ዊንዶውስ አታጥፊው። ዲስኩን ከፍለሽ ሁለቱንም ጎን ለጎን መጫን ይቻላል። ወይም ኡቡንቱ ውስጥ ሆነሽ ቨርቹዋልቦክስ በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ዊንዶውስ ትከፍቻለሽ። ለሁለተኛው 16 ጊጋ ራም ያስፈልግሻል። ዋይን በሚባለው ፕሮግራም በኩል ፒችትሪን ሊኑክስ ላይ ማስነሳት ይቻላል የሚሉሽ ይኖራሉ። የራስሽ ሒሳብ ቢሆን ሞክሪው እልሽ ነበር። የሰው ገንዘብ ላይ ግን አልመክርም።

እንግዲህ ምን ይገዛ?

ባልደረባሽ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ቲንክፓድ ማለቱ ትክክል ነው። ያገለገለ መሆን አለበት ማለቱ ግን የግድ አይደለም። ትልልቅ ድርጅቶች በሺህ እየቆጠሩ የሚገዟቸው ላፕቶፖች አሉ፤ የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድ (አዲሶቹ ዴል ፕሮ ተብለዋል)፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ። ጥቁር ወይም ግራጫ ናቸው፣ አያበሩም፣ ፎቶ ላይም አያምሩም። ሊኑክስን የሚጽፉት መሐንዲሶች ራሳቸው በብዛት የሚሠሩት በእነዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ችግር ካለ መጀመሪያ የሚያዩትም የሚጠግኑትም እነሱ ናቸው። ዴል እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኡቡንቱ የተጫነበት ኤክስፒኤስ የሚባል ላፕቶፕ ሲሸጥ ቆይቷል። ሌኖቮም እ.ኤ.አ. በ2020 ቲንክፓዶችን በሊኑክስ እያስፈተሸ እንደሚያቀርብ አስታውቋል። ኡቡንቱን የሚያዘጋጀው ካኖኒካል ደግሞ የፈተሻቸውን ላፕቶፖች በስም ዘርዝሮ በድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል። የምትመርጪው ሞዴል እዚያ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ከሙሉ ስሙና ከትውልድ ቁጥሩ ጋር አረጋግጪ። «ቲንክፓድ ቲ14» ብቻ አይበቃም። ቲ14 ጄኔሬሽን 3 እና ጄኔሬሽን 5 ውስጣቸው የተለያየ ነው።

እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን የምመርጠው ቲንክፓድ ቲ14 ነው፤ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው፣ ከኢንቴል ዋይፋይ ጋር፣ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ። የመጨረሻው ሞዴል መሆን የለበትም። ከፋብሪካ ገና የወጣ ዕቃ ሊኑክስ እስኪለምደው ጥቂት ወራት ይወስዳል፤ ያለፈው ዓመት ሞዴል ሰው ሞክሮት፣ ችግሩ ታውቆ፣ ተስተካክሎ ይጠብቅሻል። የጌሙ ላፕቶፕ በሚገዛበት ገንዘብ አዲስ ቲ14 ማግኘት ይቻላል። «ያገለገለ» የሚለው ጭንቀትሽ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። አዲስ አበባ ያገለገሉ ቲንክፓዶች፣ ላቲቲዩዶችና ኤሊትቡኮች ሞልተዋል። ኪቦርድ ቢበላሽ፣ ቻርጀር ቢቃጠል፣ መለዋወጫውንም የሚሠራውን ልጅም ታገኛለሽ። ፍሬምወርክ የሚባለውን ላፕቶፕ ሰዎች ሊያነሱልሽ ይችላሉ። እያንዳንዱ ክፍሉ በካቻቢቴ እየተፈታ የሚቀየር፣ ኡቡንቱና ፌዶራ የሚባለው ሌላው ሊኑክስ በደንብ የሚሠሩበት፣ እኔም የምወደው ዕቃ ነው። ግን አንድ ነገር ቢሰበርብሽ መለዋወጫው የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው። ጋሼ በየስንት ጊዜው ነው የሚመጣው?

ዝርዝር ውስጥ ሳልገባ ጥቂት ነገር ላስጠንቅቅሽ። ዋይፋዩ ኢንቴል ከሆነ እንቅልፍሽን ተኚ። ብሮድኮም ከሆነ ራቂው። ሪልቴክና ሚዲያቴክ እንደ ሞዴሉ ነው። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ወደፊት መጨመር አትችይም፤ ስለዚህ ሲገዛ ጀምሮ በቂ ይሁን። ስክሪኑ ፎርኬ የሚባለው በጣም ጥርት ያለው ዓይነት ባይሆን ይሻላል፤ በ14 ኢንች ላይ ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ ባትሪ ግን ይጠጣል። አንዳንድ አዳዲስ ስስ ላፕቶፖች ደግሞ ሊኑክስ በቀላሉ የማያውቀው ዓይነት ካሜራ አላቸው። የዙም ስብሰባ ካለሽ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የጣት አሻራ ባይሠራ ግን አትጨነቂ፤ ፓስወርድ መጻፍ ማንንም አልገደለም።

ጋሼ ሱቅ ውስጥ ሊታለል የሚችልበት አንድ ቦታ ስናፕድራገን ነው። ከ2024 ወዲህ ስናፕድራገን ኤክስ የሚባል ፕሮሰሰር የገባባቸው ላፕቶፖች ወጥተዋል። ባትሪያቸው ረጅም ነው፤ ሻጩም «ቀኑን ሙሉ ይሄዳል» ብሎ ያሳምናል። ዊንዶውስ ላይ ደህና ናቸው። ሊኑክስ ግን እነሱ ላይ ገና ብዙ ይቀረዋል። ከውጭ ሲታዩ ከሌላው አይለዩም፤ ቲንክፓድ ውስጥ ራሱ ስናፕድራገን ያለው ሞዴል አለ። ስለዚህ «ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ብቻ» ብለሽ ጻፊለት።

አሁን ወደ ከባዱ።

ጋሼ ለምን ትልቁንና የሚያበራውን መረጠ ብለሽ ታስቢያለሽ? እኔ እንደሚመስለኝ ስለ ላፕቶፕ ብዙ አያውቅም። የሚያውቀው እህቱ ማታ ማታ እየተማረች እንደሆነና ምርጡ እንደሚገባት ነው። ምርጡን ደግሞ በዋጋውና በግዝፈቱ ለካው። ሌላ መለኪያ ማንም አልሰጠውም። አንቺም እስካሁን ምን እንደሚያስፈልግሽ በግልጽ የነገርሽው አይመስለኝም። ተሳሳትኩ?

እናትሽም ቢሆኑ አልተሳሳቱም። ስጦታ ላይ ምርጫ ማብዛት ያስከፋል። ግን አንድ ሰው «ምን ላምጣልሽ?» ሲል ቁርጡን መንገር ምርጫ ማብዛት አይደለም፤ ለሰጪውም እረፍት ነው። ጋሼ እኮ «ካልወደድሽው» ብሎ በሩን ራሱ ከፍቶልሻል። ማክቡኩን ያነሳው ለዚያ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ ቅናሽ አለ ብሎ ከመግዛቱ በፊት፣ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት። በራስሽ አነጋገር አስተካክይው፦

«ጋሼዬ፣ ስላሰብክልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ያሳየኸኝ ላፕቶፕ በጣም ያምራል። እኔ ግን የምማረው በሊኑክስ ነው፤ ያ ካርድ ደግሞ ሊኑክስ ላይ ያስቸግራል። ለትምህርቴ የሚሆነኝን አጣርቼ ይኸው ሙሉ ስሙን ልኬልሃለሁ። አንድ ነገር ግን ያላንተ አይሆንልኝም። ከመምጣትህ በፊት እዚያው ልንሞክረው ይገባል። ሲመችህ በቪዲዮ እደውልልህና አብረን እናየዋለን።»

ዋጋ አልጠቀስኩም፤ ሆን ብዬ ነው። «ይሄኛው ይረክሳል» ካልሽው ልታሳርፊው ብለሽ ነው የሚመስለው፤ ይልቁንም ትልቁን ካልገዛሁ ይላል። ገንዘብ ተርፎት «ሌላስ ምን ልጨምር?» ካለሽ ግን አትግደርደሪ። ራሙን 32 ጊጋ ያድርገው፣ ሁለተኛ ቻርጀር ይግዛ፣ ጥሩ ፓወር ባንክ ይጨምርበት። እነዚህ የምትጠቀሚባቸው ነገሮች ናቸው፤ እሱም የሚፈልገውን ያህል ይሰጣል።

ሙከራውን ደግሞ ለማስመሰል አይደለም ያስገባሁት። ከሁሉም በላይ የሚጠቅምሽ እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ መደብሮች ዕቃ የሚመለስበት ጊዜ ይሰጣሉ። አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ግን መመለስ የለም። ስለዚህ ችግር ካለው እዚያው ይታወቅ።

ጋሼ 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ይፈልግ። ኡቡንቱን አውርዶ ሩፈስ ወይም ባሌና ኤቸር በሚባል ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ይጻፈው፤ አንቺ በቪዲዮ ትመሪዋለሽ። ከዚያ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ ያስደግፈውና ላፕቶፑን እያየሽ ያስነሳው። ቲንክፓድ ላይ ሲነሳ ኤፍ12 ሲጫን የሚነሳበትን ይመርጣል። ፍላሹን አልቀበልም ካለ ባዮስ (ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ውስጥ በሴኪዩር ቡት ሥር የማይክሮሶፍት የሦስተኛ ወገን ሰርተፍኬት የሚል ምርጫ አለ፤ አንዳንድ አዳዲስ ቲንክፓዶች ላይ ተዘግቶ ስለሚመጣ እሱን ማብራት ነው። ኡቡንቱ ሲከፈት «ሞክር» የሚለውን ይምረጥ፤ «ጫን» የሚለውን አይንካ። ዲስኩ ላይ ያለው ምንም አይነካም።

መጀመሪያ ዋይፋዩን ይክፈት። የቤቱ ዋይፋይ በዝርዝሩ ውስጥ ይታያል? ይገናኝና አንድ ዘፈን ይክፈት፤ ድምፁ ከላፕቶፑ ስፒከር ይወጣል? ካሜራውን ይክፈት፤ ፊቱን ታዪዋለሽ? የብርሃንና የድምፅ ቁልፎቹን ይጫን። ብሉቱዝ ካለው በጆሮ ማዳመጫው ይሞክረው። ቀጥሎ ክዳኑን ይዝጋና ቡናውን ይጠጣ። ሩብ ሰዓት ሲሆን ይክፈተው። ስክሪኑ ወዲያው ከበራ፣ ዋይፋዩ በራሱ ከተገናኘና ታችኛው ክፍሉ ካልጋለ ላፕቶፑ ያንቺ ነው። ካልነቃ ደግሞ ምን ዓይነት ችግር እንደሆነ ጽፈሽ ያዢ፣ ከሞዴሉ ስም ጋር አድርገሽ ፈልጊ፤ መፍትሔ ካጣሽለት ይመለስ። ሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ በብዛት የሚያስለቅሰው ይሄ የመተኛትና የመንቃት ጉዳይ ነው። ሻጭ አይነግርሽም፣ ሳጥኑ ላይም አይጻፍም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ጋሼ ዊንዶውሱን በራሱ የማይክሮሶፍት አካውንት እንዳይከፍተው። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዊንዶውስ ዲስኩን በራሱ ይቆልፋል፤ የቁልፉ ቁጥር የሚቀመጠው መጀመሪያ በገባው ሰው አካውንት ነው። አንቺ እዚህ ኡቡንቱ ስትጭኚ ዊንዶውሱ ቁልፉን ሲጠይቅሽ፣ ቨርጂኒያ ሌሊት ላይ ጋሼን መቀስቀስ ይመጣል። ያንቺን አካውንት ይጠቀም፤ ወይም ከፍላሹ ብቻ ሞክሮ ዊንዶውሱን ሳይነካ ያምጣልሽ። ጎን ለጎን ከመጫንሽ በፊትም ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ።

ሲመጣ ላፕቶፑን በእጅ ሻንጣ ይያዘው። ፓወር ባንክም ሆነ ትርፍ ባትሪ ከገዛ ወደ ታች በሚሄድ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት አይፈቀድም። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ፣ አብዛኛው የላፕቶፕ ቻርጀር እንደዚያ ነው፣ እዚህ የሚያስፈልግሽ የሶኬት አዳፕተር ብቻ ነው።

የጋሼ ጉዞ ቢቀር ወይም ነገሩ ባይሳካ፣ እዚሁ ያገለገለ መግዛት የሚያሳፍር አይደለም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2025 ላይ ስላበቃ ብዙ ድርጅቶች የቆዩ ማሽኖቻቸውን እየለቀቁ ነው። ባልደረባሽ የሚያስበው ቲንክፓድ ቲ480 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ዕቃ ነው። ሁለት ባትሪ አለው፤ የውጩን ላፕቶፑ ሳይጠፋ ነቅለሽ መቀየር ትችያለሽ። ለመብራት ችግራችን አብሮ የታሰበ ነው የሚመስለው። ወደ ሱቅ ስትሄጂ ግን ፍላሽሽን ይዘሽ ሂጂ። እዚያው አስነሺው። ባዮስ ውስጥ ግቢ፤ ፓስወርድ ከጠየቀሽ የቀድሞው ድርጅት ቆልፎት የሄደ ሊሆን ስለሚችል አትግዢው። ሻጩ «በኋላ እናስከፍትልሻለን» ካለሽ ጎረቤቱ ጋ ሂጂ። «ፍላሽ አይሰካም» ካለሽም እንደዚያው።

ስለ አማርኛ ብዙ አልልሽም፤ ኡቡንቱ ላይ ዓመት ሠርተሻል። አንድ ነገር ብቻ። በድሮው ፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፉ የሱቁ ወይም የቢሮ ሰነዶች ካሉሽ፣ ዩኒኮድ (የዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አቀማመጥ) ያልሆኑት አዲሱ ላፕቶፕሽ ላይ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ሆነው ሊከፈቱ ይችላሉ። ቀደም ብለሽ ዊንዶውስ ላይ እያለሽ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሪያቸው። በዊንዶውሱ ኒያላ ፎንት የተጻፉት ይከፈታሉ፤ ፎንቱ ስለሌለ መልካቸው ይቀየራል፣ ገጽም ሊያዛንፉ ይችላሉ።

ይህ መልስ ሳይደርስሽ ጋሼ «ገዛሁልሽ!» ብሎሽ ከሆነስ? መጀመሪያ ደስ ይበልሽ፤ እሱም ደስታሽን ይስማ። ከዚያ ቀስ ብለሽ የመመለሻ ቀኑ እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቂው። ጊዜ ካለ ከላይ የጻፍኩልሽን መልእክት «ገና ካልከፈትከው» የሚል ጨምረሽበት ላኪለት። ጊዜው ካለፈ ወይም መጠየቁ ከከበደሽ በዕቃው መሥራት ይቻላል። የጌም ላፕቶፑ ከሆነ ኡቡንቱን ስትጭኚ ተጨማሪ ድራይቨሮችን ጫን የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጊበት። ከተጫነ በኋላ በኤንቪዲያ ማስተካከያው ውስጥ የኢንቴሉን ወይም የኤኤምዲውን ግራፊክስ ብቻ እንዲጠቀም አድርጊው። ባትሪው ይረዝማል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ማክቡኩ ከሆነ የአፕልን ሲስተም እንዳለ ትተሽ ዩቲኤም በሚባል ነፃ ፕሮግራም ውስጥ ለአርም (እንደ አፕል ላለው የቺፕ ዓይነት) የተዘጋጀውን ኡቡንቱ ክፈቺ፤ ለፓይተን ከበቂ በላይ ነው። ፒችትሪው ግን ያኔም ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ይቆያል፤ ይህን ለዘመድሽ ከአሁኑ ንገሪው።